ስድስት ባዶ ክቦች

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትጀምር ጸሐፊው አንድ እጁን ከልጓሙ አንስቶ የቆዳውን ማኅደር ደረቱ ላይ ለጠፈው። ማኅደሩ ውስጥ ያለችው የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ነፍስ ናት። ሰባት ገጽ ቃል፣ ስድስት ባዶ ክብ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋናው ዳኛ ቤት መድረስ አለበት። ዳኛው ክቦቹን ቆጥረው ማኅተማቸውን ካሳረፉ ሴትዮዋ በማግስቱ ትሰቀላለች፤ ማኅተም ካላረፈ አትሰቀልም።

"ቀስ ይበሉ ጌታው፣" አለ ከኋላ የሚከተለው ዘበኛ። "ድንጋዩ ይከዳል። እርስዎስ ቢሰበሩ ይጠገናሉ፣ በቅሎዋ ግን የመንግሥት ናት።"

ሌላ ቀን ቢሆን ጸሐፊው ይስቅ ነበር። ይህን ዘበኛ፣ በጢሙ ርዝመት የተነሣ ሁሉም ጢሞ የሚለውን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በችሎቱ በር ላይ ቆሞ ያውቀዋል፤ ቀልዱንም ለምዶታል። ዛሬ ግን ከማለዳ ጀምሮ ጆሮው ሰላም ነሥቶታል። ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማዋል። እህ፣ እህ፤ ሁለት ጊዜ። ዞር ሲል ጢሞ አፉን ገጥሞ ከበቅሎው አንገት ላይ ዝንብ ያባርራል። ሳይናገር በፊት እንዲህ ሁለቴ ጉሮሮውን የሚጠርግ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እሱም የእህቱ ባል፣ አናጺው ነው። አናጺው ደግሞ ከተሰቀለ አራት ዓመት አልፎታል።

ወይ ጉድ! ሙት ከመጣ እንኳ ጨለማን ተገን አድርጎ ይመጣል ይባላል እንጂ በጠራራ ፀሐይ፣ በበቅሎ መንገድ ላይ፣ እንደ ባልንጀራ ጎን ለጎን ይሄዳል እንዴ? ጸሐፊው ፈራ። ፍርሃቱን ለጢሞ ላለማሳየት ወገቡን ቀና አድርጎ ተቀመጠ።

የዚያ ዘመን የፍርድ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ዋናው ዳኛ ተከሳሽን በዓይናቸው አያዩም። "ፊት ያዳላል፣ ወረቀት አያዳላም" ይሉ ነበር፤ ቆንጆ አይታ የማትራራ ዓይን፣ አስቀያሚ አይታ የማትጠረጥር ዓይን የለችም ብለው። ስለዚህ ሹሙ ይጠይቃል፣ ተከሳሹ ይመልሳል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ወረቀቱ ብቻ ግማሽ ቀን ተጉዞ ወደ እሳቸው ይሄዳል። መልሱስ ይጻፍ፤ ዝምታ እንዴት ይጻፋል? ለእሱ ደግሞ ብልቃጧ አለች፤ ሁለት ሆድ ያላት፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ አሸዋ የተሞላች መስታወት። ሹሙ ጥያቄውን እንደጨረሰ ጸሐፊው ይገለብጣታል፤ ተከሳሹም የጸሐፊው ብዕር ወረቀት ላይ ሳያርፍ አይናገርም። አሸዋው አሥር ትንፋሽ ያህል ይፈሳል። መልስ ሳይመጣ ካለቀ በመልሱ ቦታ ባዶ ክብ ይሣላል፤ ከዚያ ወዲያ ተከሳሹ ቢናገርም ቢያለቅስም አይጻፍም። አምስት ክብ የሞላበት ሰው "መልስ ያጣ" ይባላል። መልስ ያጣ ማለት ደግሞ ገመድ ነው።

ጸሐፊው በዚህ ሥራ ስሙ የተመሰገነ ነበር። እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም። "የገዛ እህቱን ባል እንኳ ያልማረ እጅ" ይሉታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋ እንጂ ሆዱ ይሞቅ ነበር። አናጺው የሹሙን መልእክተኛ ድልድይ ላይ ገድሏል ተብሎ ሲከሰስ፣ አገሩ ሁሉ ጸሐፊው ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ዓይኑን ተክሎበት ነበር። እሱ ግን ያየውን ጻፈ። አምስት ክብ ወጣ። ባል የሞተባትን እህቱን ቤቱ አስገባት፣ እሷም "ወንድምጋሼ፣ አንተ ምን ታደርግ" ብላው ልብሱን እያጠበች ምግቡን እያበሰለች አለች።

እኩለ ቀን ላይ ወንዝ ዳር ወርደው በቅሎዎቹን አጠጡ። ጢሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትምባሆውን እየጠቀለለ በረጅሙ ተነፈሰ።

"ምስኪን ሴት፣" አለ። "ምላሷ ነው እንጂ ክፉው፣ ልቧስ ደግ ነበር። ገና ብልቃጧን ቀድመው ሲያነሡ ነው አለቀላት ያልኩት።"

"ምን አልክ?" አለ ጸሐፊው።

ጢሞ ደነገጠ። "ኧረ ምንም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።"

"ብልቃጧን ቀድሜ ሳነሣ ማለት ምን ማለት ነው? ተናገር እንጂ!"

"ጌታው ደግሞ፣ የማያውቁ ይመስል!" ጢሞ የሚያሾፉበት መስሎት ፈገግ አለ። የጸሐፊውን ፊት አይቶ ግን ፈገግታውን ሰበሰበ። "ሹሙ ጠይቆ ሲጨርስ እርስዎ አንዳንዴ መጀመሪያ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክረው፣ በቀለም ቀንዱ ከንፈር ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ከዚያ ብልቃጧን ይገለብጣሉ። ያ ተከሳሽ ይድናል። አንዳንዴ ደግሞ መጀመሪያ ብልቃጧን ገልብጠው ነው ብዕሩን የሚነክሩ። ያ አይድንም። እኛ በር ላይ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። በትምባሆ እንኳ እንወራረድ ነበር፣ አላህም እግዜሩም ይቅር ይበለን።"

"ውሸታም!" ጸሐፊው ከመቀመጫው ተነሣ። "ሃያ ዓመት እንጀራህን ከበላህበት ችሎት ላይ እንዲህ ያለ ነውር! እኔ የማዳላ ሰው ነኝ? እኔ?"

"አዳሉ መቼ አልኩ? ከላይ የመጣ ትእዛዝ መስሎን ነበር። ሹሙ በዓይኑ ጠቅሶ የሚነግርዎ መስሎን።"

"ማንም አልነገረኝም!"

"እንግዲያማ፣" አለ ጢሞ ቀስ ብሎ፣ "ይኼ የባሰ ነው።"

ጸሐፊው ኮሮጆውን ፈትቶ ብልቃጧን፣ የቀለም ቀንዱንና ብዕሩን አወጣ። ብልቃጧን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ገለበጣትና ብዕሩን እንደ ልማዱ ነከረ፣ ጠረገ፣ ወረቀት ላይ እንደሚያሳርፍ አደረገ። ትንፋሹን ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከአሥሩ አራቱ ሄደ። ድንግጥ ብሎ የቆመ ሰው ሐሳቡን የሚሰበስብባት፣ ምራቁን የሚውጥባት አራት ትንፋሽ። ለአንዱ ሲሰጣት ለሌላው ሲነሣት ኖሯል፣ ራሱ ሳያውቀው።

"ወፍጮ ቤቷን ሴትዮ ምን በድላኝ ነው ቀድሜ የማነሣባት?" አለ። ቁጣው አሁን ልመና መስሏል። "ከእሷ ጋር ምን አለኝ?"

"ሽመላ ብላዎት የለ እንዴ።"

እውነት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እህል ሊያስፈጭ ሄዶ ተራውን ቆሞ ሲጠብቅ፣ "ያንን አንገቱ ረጅም ሽመላ አስቀድሙት፣ ዓሣው እንዳያመልጠው" ብላ ወፍጮ ቤቱን በሣቅ አፈረሰችው። ስሙ ተለጠፈበት። ልጆች ሳይቀሩ "ሽመላ፣ ሽመላ" እያሉ ይሮጡ ነበር። እሱም ከሰው ጋር አብሮ ሥቆ ነበርና "ይቅር ብያታለሁ እኮ!" አለ።

"በአፍዎ ነዋ።"

ሴትዮዋ የተከሰሰችው የመንግሥቱ ጎተራ ተቃጥሎ ጠባቂው ውስጥ ስለሞተ ነው። ከጎተራው በመጨረሻ የወጣችው እሷ ናት። እሳቱን ለኩሳ ይሆናል፤ አልለኮሰችም ይሆናል። ጸሐፊው ይህን የሚያውቅ መስሎት ነበር፣ ምክንያቱም ስድስት ክብ አለ። አሁን ግን ክቦቹን ከወረቀቱ ላይ ሲያነሣቸው ስለዚያ እሳት አንድም የሚያውቀው ነገር እንደሌለ አየ። የሚያውቀው እንደሚጠላት ብቻ ነው። ይህንንም ያወቀው አሁን ነው።

እህ፣ እህ። ከወንዙ ማዶ።

ጸሐፊው እንደ ሰመጠ ሰው የሚጨብጠው ነገር ፈለገ፣ አገኘም። "የእህቴ ባልስ?" አለ። "እሱን እወደው ነበር። ሠርጉ ላይ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ለእሱ እንኳ አላዳላሁም፤ አንተው ራስህ ቆመህ አይተሃል። እህ? ንገረኝ እንጂ!"

ጢሞ ትምባሆውን ሳያቀጣጥል ጣቱ መሀል አሽከረከረው። "ይተዉት ጌታው። የሞተ ሞቷል።"

"ንገረኝ አልኩህ።"

"ያን ቀን ብልቃጧን የገለበጧት ሹሙ ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው።"

ጸሐፊው ክው አለ።

"አምስቱንም ጊዜ?"

"አምስቱንም። ጥያቄው ገና ከሹሙ አፍ ሳይወጣ። ሰውየው ደግሞ እንደሚያውቁት ነው፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ሳይጠርግ ቃል አይወጣውም። እኛ ጨክኖ ነው አልን። አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ 'ወንድ ማለት እንዲህ ነው፣ ለሥጋው የማይል' ብለን አደነቅንዎ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ዝም አይነቅዝም ብለን። ደግሞስ ለዳኛ ጸሐፊ ማን ደፍሮ እጅህ ይዋሻል ይለዋል?"

ጸሐፊው ውኃው ዳር ቁጢጥ አለ። ያን ቀን የነበረውን አስታወሰ። የአገሩ ዓይን ሁሉ እጁ ላይ ነበር። አናጺውን አላየውም፤ ያየው ራሱን የሚያዩትን ሰዎች ነው። አያዳላም እንዲሉት ፈልጎ ነበር፤ አጥብቆ ፈልጎ ነበር። ለዚያች ምስጋና ሲል አራቱን ትንፋሽ ብቻ ሳይሆን ስድስቱንም ወስዶበታል። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እሱ ሰው መግደሉ ነው።

ጢሞ ከበስተኋላው መጥቶ ትከሻውን ያዘው። "ይነሡ እንግዲህ። ፀሐይዋ እየሄደች ነው። የሚመለሱም ከሆነ ይንገሩኝ፣ የሚሄዱም ከሆነ ይንገሩኝ።"

መመለስ ይቻላል፤ ግን ባዶ እጁን ቢመለስ ሹሙ ሌላ መልእክተኛ ያንኑ ወረቀት አስይዞ ይልካል። ዝም ብሎ ማድረስም ይቻላል፤ ጢሞ አይናገርም፣ ሃያ ዓመት ያልተናገረ። ሴትዮዋ ትሰቀላለች፣ ሽመላ ብሎ የሚጠራውም አይኖርም። እውነቱን መናገርም ይቻላል። እውነቱን ከተናገረ ግን የአናጺው ነገር አብሮ ይወጣል፤ አንዱን ጫፍ ስቦ ሌላውን መያዝ አይቻልም። ያኔ እህቱን በየትኛው ዓይኑ ሊያያት ነው? እሷን ነው የፈራው፤ ከዳኛውም፣ ከገመዱም ይልቅ እሷን።

"እንሄዳለን፣" አለ።

ዋናው ዳኛ የተቀበሉት መስኮቱ ወደ ምዕራብ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ሰም፣ ሻማና የናስ ማኅተም ተደርድሯል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ በሕይወታቸው ጉቦ ያልቀመሱ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ቃሉን ከማንበባቸው በፊት በጣታቸው ክቦቹን ቆጠሩ።

"ስድስት፣" አሉና ሰሙን ወደ ሻማው አስጠጉ።

"ጌታዬ፣ እባክዎ አያትሙ።"

"ምነው?"

"ክቦቹ የሴትዮዋ አይደሉም። የእኔ ናቸው።"

ጸሐፊው ቆሞ ነገራቸው። ብዕሩን፣ ብልቃጧን፣ አራቱን ትንፋሽ፣ ሽመላ መባሉን ሳይቀር። ቀለል ለማድረግ አልሞከረም። ዳኛው ሰሙን እንደያዙ አዳመጡት፤ አንድ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ረጋ።

"ደክሞሃል፣" አሉ በመጨረሻ። "ሃያ ዓመት ሠርተህ አንድ ዘበኛ ወንዝ ዳር ባወራው ወሬ ራስህን ትሰቅላለህ? ሰው ሆኖ እጁ ያልፈጠነ ያልዘገየ ማን አለ? ሂድ፣ ተኛ። ይህን ነገር ከዚህ ክፍል ውጭ የሚያውቅ የለም።"

"አለ እንጂ ጌታዬ። ዘበኞቹ ያውቃሉ፣ ጠራጊዋ ታውቃለች፣ በር ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ያላወቅነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።"

ዳኛው ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰሙን አስቀመጡት። "አንተ ሰው፣ የምትለው ገብቶሃል? በአንተ ክብ ላይ የታተመው የእኔ ማኅተም ነው። ፊት እንዳያስተኝ ብዬ ፊቴን አዙሬ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። አሁን መጥተህ፣ 'ፊትህን ያዞርከው ለእጄ ነው' ትለኛለህ?"

"አዎን፣ ጌታዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አላውቅም። የማውቀው አንድ ነው። የእህቴ ባል አናጺው መልስ አላጣም ነበር። ጊዜ ነው የነሣሁት።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጸሐፊው ይቆጡ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "አስታውሰዋለሁ፣" አሉ። "አምስት። አምስት ብቻ ነው፣ አንድ ቢጎድል ኖሮ ብዬ ነበር። ብዬ ግን አተምኩ።"

"ሴትዮዋን ራስዎ ይስሟት፣" አለ ጸሐፊው። "ያስመጧት። ሌላ ጸሐፊ ይቀመጥ። ከጎኑ ደግሞ አንድ ሰው ይቁም፣ የጸሐፊውንም የእርስዎንም እጅ የሚያይ፣ 'ጌታዬ፣ ቸኮሉ' ለማለት የማይፈራ።"

"እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?"

"ውጭ በቅሎ ይዞ ቆሟል። እስካሁን ያልተናገረው የጠየቀው ስለሌለ ነው።"

ዳኛው አዲስ ወረቀት ሳቡና በእጃቸው ጻፉ። ፍርዱ ታግዷል፣ ሴትዮዋ በሦስት ቀን ውስጥ በሕይወት እፊቴ ትቅረብ። ያንን አተሙት። ከዚያም ጸሐፊውን ቀለም ቀንዱንና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዙት፤ አስቀመጠ። "ከእንግዲህ አንድ ቃል አትጽፍልኝም፣" አሉት። "ያለፉትን መዝገቦች ግን አብረን እናያቸዋለን፣ አንድ በአንድ። ለቤተሰቦቻቸው የሚነግረው ግን ማነው?"

"እኔ።"

"ከማን ትጀምራለህ?"

"ከቤቴ፣" አለ ጸሐፊው።

በማግስቱ ቤቱ ሲደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። እህቱ ደጁ ላይ የእሱን ልብስ እያሰጣች ነው። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ "ወንድምጋሼ፣ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? አመመህ እንዴ? ግባ፣ ቁርስ አለ" አለችው።

"አልገባም። አንቺም ተቀመጪ።"

"ኧረ አታስፈራራኝ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሱ አልተቀመጠም። ሰው ለእህቱ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገርበት ቃል ስለሌለ፣ ለዳኛው በተናገረበት ቃል ነገራት። ብልቃጧን ቀድሞ መገልበጡን፣ ሹሙ ጥያቄውን ሳይጨርስ መገልበጡን፣ አምስቱንም ጊዜ። ለምን እንዳደረገውም ነገራት፤ እንዲመሰገን ብሎ። እያወራ ሳለ ዓይኗን ለማየት ሞከረ። እሷ የምታየው እጁን ነበር።

ሲጨርስ አላለቀሰችም። አልጮኸችም።

"ከአሸዋው በኋላ ተናግሮ ነበር?" አለች።

"ተናግሮ ነበር።"

"ሰምተኸዋል?"

"ሰምቼዋለሁ። ሕጉ አይጻፍ ስለሚል አልጻፍኩትም።"

"ምን አለ?"

ጸሐፊው አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ደግሞት አያውቅም። አሁን ግን አንዲት ፊደል ሳትጎድል መጣለት። "አምስተኛው ጥያቄ፣ 'መልእክተኛው ሲገደል የት ነበርክ?' የሚል ነበር። አሸዋው ካለቀ በኋላ፣ 'እቤቴ ነበርኩ፣ ሚስቴን ጥሯትና ጠይቋት' አለ።"

እህቱ ቀስ ብላ ከደረጃው ተነሣች። ከገመዱ ላይ የእሱን ሸሚዝ፣ ገና ውኃ የሚንጠባጠበውን፣ አወረደችና አጥፋ እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

"ችሎቱ በር ላይ ቆሜ ነበር እኮ፣" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ። ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ።"